በጥቢ ከውሻ ጋር አሮጌውን የገጠር መንገድ መሄድ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ በደጋው አገር ውሻ ይዞ ለመንሸራሸር ከዓመቱ ሁሉ የሚሻለው ጊዜ ነው። ዝናቡ አልፏል፣ አቧራው ገና አልተነሣም፣ ቀትሩም ቢሆን እንደ የካቲትና መጋቢት አያቃጥልም። መንገዱን በተመለከተ ደግሞ አዲሱ አስፋልት ሲሠራ ወደ ጎን የቀረውን አሮጌውን የኮረት መንገድ ፈልጉ። በብዙ የደጋ ከተሞች ዳር እንዲህ ያለ መንገድ አለ። መኪና አያዘወትረውም፤ ሰፊ ስለሆነ ከብትም ሰውም ሲመጣ ዘወር የሚባልበት ቦታ አይጠፋም፤ መሬቱም ለውሻ እግር ከአስፋልት ይለሰልሳል።

ይሁንና ጭር ያለ ቢመስልም ባለቤት የሌለው መንገድ አይደለም። በጥቢ ግራና ቀኙ እህል ነው። ማሳው በእህል ስለተያዘ ከብቱና በጉ የሚግጠው እዚያው መንገድ ዳር ባለው ሣር ላይ ነው። የእያንዳንዱን ግቢ አጥር የሚጠብቅ ውሻም አለ። ስለዚህ ውሻችሁ ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን ገመዱ አይፈታም። ከዚህ ሕግ የሚወጣው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ከብት ስናነሣ እንመጣበታለን።

ከመውጣት በፊት

መጀመሪያ ክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ሰውነቱ መከላከያውን እስኪያበጅ እስከ አራት ሳምንት ስለሚወስድ፣ ዛሬ አስከትቦ ነገ ገጠር መውጣት ውሻውን ሳይከትቡ እንደመውሰድ ነው። የዲስተምፐርና የፓርቮ፣ የሁለቱን ገዳይ የውሻ ተላላፊ በሽታዎች፣ ክትባቱንም የእንስሳት ሐኪሙ ጊዜውን ጠብቆ ይስጠው። የክትባት ካርዱን ፎቶ አንሥታችሁ በስልካችሁ ያዙ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ተከትቧል ወይ?» የሚል ነው፤ ካርዱን ማሳየት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ቀጥሎ የትላትል መድኃኒት፣ በየሦስት ወሩ፣ ፕራዚኳንቴል ያለበት። ተራው የወስፋት ኪኒን የኮሶ ትልን አይገድልም፤ ሐኪሙን የመድኃኒቱን ስም ጠርታችሁ ጠይቁት። ይህ የውሻው ጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥሬ ሆድ ዕቃ ወይም የታረደ በግ ጭንቅላት የበላ ውሻ የትሉን ዕንቁላል በዓይነምድሩ ሣር ላይ ይጥላል። በጉ ያንን ሣር ሲግጥ እጭው አንጎሉ ውስጥ ያድግና ባለበት እየዞረ ይወድቃል፤ ገበሬው አዙሪት የሚለው በሽታ ይህ ነው። ሌላው የትል ዓይነት ደግሞ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ ያዘለ እጢ ያበቅላል። ስለዚህ ውሻው መንገድ ዳር ሲጸዳዳ በፌስታል አንሡት፤ ይህ ካልተቻለ ከግጦሽና ከውሃ ርቃችሁ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩት።

ውሻ ጨርሶ የማይወሰድባቸው ቦታዎች አሉ። ቀይ ቀበሮ የሚኖርባቸው ከፍታዎች፣ ለምሳሌ ባሌ፣ ስሜንና የመንዝ ጓሳ፣ ለቤት ውሻ የተከለከሉ ናቸው ብላችሁ ያዙት። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም፤ ከሁሉ በላይ የሚጨርሳቸውም ከቤት ውሻ የሚጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር ነው። በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በባሌ ዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በሸለቆው የነበሩትን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። የተከተበ ውሻም ቢሆን ወደዚያ አይሂድ።

ምን ይያዛል

ገመዱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይሁን፤ ናይለን ወይም ቆዳ፣ ወርዱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል። እየተተረተረ የሚረዝመው ባለመዘውር ገመድ ለገጠር መንገድ አይሆንም፤ ውሻው አምስት ሜትር ርቆ የበግ መንጋ መካከል ከገባ በኋላ መቆለፊያውን መጫን ምንም አይፈይድም። ገመዱ የሚታሰረው አንገቱ ላይ ሳይሆን በደረት ማሰሪያው ላይ ነው። ውሻው በድንገት ሲወረወር አንገቱን አያንቀውም፣ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግም አይሾልክም። ማሰሪያው በትክክል የጠበቀው ሁለት ጣት ብቻ ሲያስገባ ነው። ሲጎተት የሚያንቀውን ሰንሰለት ግን ተዉት፤ ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር አንገቱን የሚያመው እንስሳ ሌላ ውሻን ከሕመም ጋር አያይዞ ይማርና ጭራሽ ተናካሽ ይሆናል። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፣ በጣት ላይም አትቋጥሩ፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በአንድ ዝላይ ጣት ይሰብራል። መያዣውን በመዳፍ ያዙ፣ በሌላው እጅ መካከሉን ደግፉ።

ውሃ፦ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ለሦስት ሰዓት ጉዞ አንድ ሊትር ተኩል፣ ከራሳችሁ ውሃ ሌላ። ማጠጫው የላስቲክ ጠርሙስ ተቆርጦ የተረፈ ቂጥ ቢሆንም ይበቃል። ከዚህ ሌላ ወረንጦ፣ ጎዝና ፋሻ፣ አንድ ቁራጭ ሳሙና፣ አሮጌ ካልሲ ሁለት፣ ፎጣ፣ ፌስታል አምስት ስድስት፣ እና ጃንጥላ። ጃንጥላው ለዝናብ አይደለም፤ ጥቅሙን ከታች እናየዋለን። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ውሻ ከሆነ በቅርጫት መልክ የተሠራ የአፍ መከለያ ያስፈልጋል፤ ለሀጭ እያዝረበረበ ለመተንፈስና ውሃ ለመጠጣት የሚያስችለው ይህ ዓይነቱ ብቻ ነው። አፉን ጥፍር አድርጎ የሚያስረውን ጨርቅ ግን አታድርጉለት። ውሻ የሚቀዘቅዘው በማለከለክ ስለሆነ አፉ የታሰረ ውሻ ዳገት ላይ ራሱን ይስታል።

ጸጉረ ረጅም ውሻ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት በጣቶቹ መካከልና በጆሮው ዙሪያ ያለውን ጸጉር በመቀስ አሳጥሩ። የዚህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ጥቅም ማታ ይታያል።

ሰዓትና ርቀት

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግድም ተነሡ፤ ከአራት ተኩል በፊት ተመለሱ። ከዚያ ቀድሞ መውጣት የማይመከረው በሁለት ምክንያት ነው። ብዙ ሰው የግቢ ውሻውን ማታ ፈትቶ ጠዋት ያስራል፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ መንገዱ ገና የእነርሱ ነው። ጅብም ወደ ጉድጓዱ የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ የሚሻል የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ከብት የሚገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሆኑን አስቡ፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በከብት ይሞላል፣ ፀሐይም ለአሥራ ሁለት ሰዓት ጥቂት ሲቀር ወይም እንደሞላ ትጠልቃለች። የገበያውን ቀንና የአካባቢውን ደብር ንግሥ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በእነዚያ ቀናት ሌላ መንገድ ምረጡ። የመንገዱን ሰላምም ከዚያው አካባቢ ሰው ጠይቁ እንጂ በሩቅ ወሬ አትተማመኑ።

ከተማ ውስጥ ግቢ ሲጠብቅ የኖረ ውሻ በመጀመሪያው ቀን ከሦስትና ከአራት ኪሎ ሜትር አይለፍ። ጉልበት ስለሌለው ሳይሆን የእግሩ መርገጫ ስላልጠነከረ ነው፤ ኮረት ለስላሳውን መርገጫ እንደ ሞረድ ይበላዋል። በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ሜትር ብትጨምሩ በወር ተኩል ስምንት ኪሎ ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ዓመት ያልሞላው ቡችላ አጥንቱ ገና ስለሆነ ረጅም ቁልቁለት አይወሰድ። ከቆላ ወይም ከአዳማ ዓይነት ሞቃት አገር የመጣ ውሻ 2,800 ሜትር ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ።

ከመውጣቱ ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በፊት የዘወትሩን ግማሽ አብሉት፣ ቀሪውን ከተመለሰና አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ ደረተ ጥልቅ ውሻ ጠግቦ ከሮጠ ሆዱ ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነው። ሆዱ ከተነፋና ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም ካልወጣው ቀጥታ ወደ ሐኪም።

መንገዱ ላይ

የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ለአፍንጫው ስጡት። ያሽትት፣ ይሽና፣ ይጸዳዳ። ይህን ያላገኘ ውሻ ቀሪውን መንገድ ሁሉ ሲጎትት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መካከሉን ይዛችሁ በጎማው ዱካ ላይ ተጓዙ። ጠዋት ጤዛው ከባድ ነው፤ ዳር ዳሩን ረጅም ሣር ውስጥ የሄደ ውሻ ሆዱ ድረስ ይበሰብሳል፣ መዥገሩም የሚጠብቀው ሣሩ ጫፍ ላይ ነው። ዋልካ አፈር ያለበት ቦታ እስከ ጥቅምት ድረስ አይደርቅም፤ ጭቃው በጣቶቹ መካከል ገብቶ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ማነከስ ከጀመረ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ፣ በውሃ አርሳችሁ በጣት ፈርፍሩት፤ በግድ አትፈልቅቁት፤ ቆዳው ተላጦ ይመጣል።

አሮጌ መንገድ ሲተው የሚጠግነው ስለሌለ የክረምቱ ጎርፍ ዳር ዳሩን ይቦረቡረዋል። የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦዎቹ ላይ ያለው አፈር ከላይ ደህና መስሎ ከሥር ባዶ ሊሆን ይችላል። ድልድይ ጋ ስትደርሱ ገመዱን አሳጥሩ፣ መካከሉን ሂዱ። ወንዙ ከጉልበት በላይ ከሆነ አትሻገሩ።

በግ ሲመጣ። ከሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ በጎች ሲበተኑ የማሳደድ ፍላጎት የሌለው ውሻ የለም። መንጋውን ከሩቅ እንዳያችሁ ከመንገዱ አሥር ሜትር ያህል ወደ ላይኛው ወገን ውጡ፣ ማሳ ሳትረግጡ። ውሻውን አስቀምጡት፣ በእርሱና በመንጋው መካከል ቁሙ፣ እረኛውን ቀድማችሁ ሰላም በሉት። ልጅ እረኛ ውሻ ሲያይ ድንጋይ ቢያነሣ አይፈረድበትም፤ «አይዞህ፣ ታስሯል፣ አንተ አሳልፍ» ብትሉት ድንጋዩን ይጥላል። የጭነት አህያና በቅሎ ሲመጣም ቆሞ ማሳለፍ ነው፤ ውሻው ከኋላ እግራቸው ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ።

ጥጃ ያላት ላም ግን የተለየች ናት። ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ፣ እየተነፈሰች ወደ ውሻው ከመጣች፣ የምትፈልገው ውሻውን እንጂ እናንተን አይደለም። ገመዱን የሚፈቱበት ብቸኛው ጊዜ ይህ ነው፤ ልቀቁት። ውሻ ከላም ይፈጥናል፤ እናንተ ግን ውሻውን ይዛችሁ ከቆማችሁ በመካከል ትገባላችሁ። ወደ አጥር ወይም ወደ ግንብ አፈግፍጉ፣ ስታልፍ ውሻውን በስሙ ጥሩት። ለዚህ ሲባል ሲጠራ የሚመጣ ውሻ መሆኑን ቤት እያላችሁ አረጋግጡ።

የግቢ ውሻ ሲወጣ። የግቢ ውሻ የሚጮኸው ድንበሩን ለማስከበር ነው፤ ድንበሩን ካለፋችሁለት አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ አትሩጡ፣ አትቁሙ፣ ፊት ለፊት አትዩት። ወደ መንገዱ ማዶ ተሻግራችሁ በእኩል እርምጃ እለፉ። «ውሻ ያዙልን!» ብላችሁ ተጣሩ፤ ባለቤቱ አንዴ ከጮኸበት ይበቃዋል። ገመዱን ወጥራችሁ አትያዙ፤ የተወጠረ ገመድ የውሻችሁን ደረት ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ይህም ለሌላው ውሻ የጠብ ጥሪ ነው። ድንጋይ ለማንሣት እንደሚጎነበስ ሰው ጎንበስ ማለት ብዙዎቹን ያሸሻል፤ መወርወር ግን ያልተናከሰውን ውሻም ያናክሳል፣ ባለቤቱንም ያስቀይማል። እየቀረበ ከመጣ ጃንጥላውን ፊቱ ላይ በድንገት ክፈቱት። ይህ ከዱላ የተሻለ ይሠራል፤ ውሻው በመካከላችሁ ያለውን ነገር አያውቀውም፣ የእናንተም ውሻ ከኋላው ይከለላል።

ከተያያዙ እጅ በመካከል አታስገቡ። ውሻ ጠብ ላይ እያለ ማንን እንደሚነክስ አይለይም። ጃኬት ወይም ጋቢ በሁለቱ ጭንቅላት ላይ ጣሉ፤ ሁለት ሰው ካለ እያንዳንዱ የአንዱን የኋላ እግሮች ይዞ ወደ ኋላ ይሳብ።

ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። ይህን ሳትዘሉ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። በርበሬ፣ ቅጠል፣ ቡና አይደረግበትም። የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው ውሻው ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ፤ ወዲያው ገድሎ መቅበር ያ ውሻ ታሞ እንደነበር የሚታወቅበትን መንገድ ይዘጋል። የሰውዬው ክትባት ግን የውሻውን ውጤት እየጠበቀ አይዘገይም። የተነከሰው የእናንተ ውሻ ከሆነ፣ የተከተበ ቢሆንም ቁስሉን እንዲሁ አጥባችሁ ተጨማሪ ክትባቱን ቶሎ አስወጉት፣ ለ45 ቀንም ከሌላ ውሻ ለይታችሁ ተከታተሉት።

ደብር ሲደርስ ውሻ ቅጥሩን አያልፍም። ለመሳለም የሚፈልግ ካለ አንዱ ውሻውን ይዞ ከዛፉ ጥላ ውጭ ራቅ ብሎ ይቆይ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። በሙስሊም መንደር ውስጥም ገመዱን አሳጥሩ፤ ለሀጩ ልብስ ከነካ ሰውዬው ለሶላት ልብሱን ማጠብ አለበት። አውድማ ደግሞ በኅዳር ይጀምራል፤ ተለቅልቆ የደረቀ መሬት ላይ እህሉ ይወቃል። ውሻ አውድማ ላይ መውጣቱ፣ ይባስ ብሎም እግሩን ማንሣቱ፣ በማንም ዘንድ ይቅርታ የለውም፤ የዓመት እንጀራ ያለው እዚያ ነው።

አፉ

በጥቢ መንገድ ዳር ብዙ የማይበላ ነገር አለ። በመስቀል ሰሞን የእርድ ሆድ ዕቃና ቀንድ፣ በማሳው አጠገብ የአይጥ መርዝ፣ በከተማ ዳር ደግሞ ለባለቤት አልባ ውሾች የተጣለ መርዝ የተቀባ ሥጋ ሊገኝ ይችላል። የጉሎ ፍሬም ለውሻ ገዳይ ነው፤ ጉሎ ደግሞ የሚበቅለው በፈረሰ ቤትና በአሮጌ መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ «ተው» የሚለውን ቃል ከቤት አስተምሩት። በተዘጋ እጅ ውስጥ ቁራጭ ዳቦ ያዙ፤ ይላሰው፣ ይቧጥረው፤ አፍንጫውን ሲመልስ ብቻ «ጎበዝ» ብላችሁ ከሌላው እጅ ስጡት። ይህን ሲለምድ ዳቦውን መሬት ላይ በእግራችሁ ሥር አድርጉ፣ ቀጥሎ ተገልጦ፣ በመጨረሻ ታስሮ በአጠገቡ ሲያልፍ። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ለሦስት ሳምንት። የተከለከለውን ዳቦ ራሱን በፍጹም አትስጡት፤ መጨረሻው የሚሰጥ ከሆነ «ተው» ማለት «ጠብቅ» ማለት ይሆንበታል።

ከኩሬና ከምንጭ ዳር እንዲጠጣ አትፍቀዱ። ከክረምት በኋላ የቆመ ውሃ አልቅት አለው፤ ትንሿ አልቅት ሳትታይ በአፍንጫው ወይም በጉሮሮው ገብታ ትጣበቃለች። ከቀናት በኋላ ከአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ደም ሲንጠባጠብ ወይም ሲያስለው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ ሐኪም በመሣሪያ ያወጣታል። የራሳችሁን ውሃ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ስጡት።

ምላሱ ጠቁሮና ሰፍቶ ከወጣ፣ ለሀጩ ከወፈረና እግሩ ከተሳሰረ ሙቀት መትቶታል። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሆዱን፣ ብብቱንና እግሮቹን በውሃ አርሱ፣ አራግቡት። በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ ግን አትተዉት፤ ፎጣው ሞቆ ሙቀቱን ያፍነዋል።

ቤት ሲገባ

ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ሩብ ሰዓት እንደ ጉዞው ሁሉ አስፈላጊ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚዘለው ይህንኑ ነው። እግሮቹን ለብ ባለ ውሃ እጠቡ፣ በጣቶቹ መካከል በደንብ አድርቁ። ከዚያ በደማቅ ብርሃን በጣት እየዳሰሳችሁ ከአፍንጫ ወደ ጅራት ፈልጉ፤ ዓይን፣ ጆሮ ውስጥና ከኋላው፣ ብብት፣ ጉያ፣ ጣቶች መካከል፣ ከጅራቱ ሥር።

ጨጎጊት ልብስ ላይ እንደሚጣበቀው ጸጉሩም ላይ ይጣበቃል፤ ጉዳቱ ቀላል ነው፣ በማበጠሪያ ይወጣል። አደገኛው የስናር ፍሬ ነው፣ በተለይ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሲደርቅ። ጺሙና ጸጉሮቹ ወደ አንድ ወገን ብቻ የተነጠፉ ስለሆኑ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ውሻው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሥጋው ውስጥ ይጓዛል። ጫፉ ከታየ በወረንጦ ሥሩ ላይ ይዛችሁ በገባበት መስመር ወደ ውጭ ሳቡ። ጆሮ ውስጥ ከገባ ውሻው ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ያራግፋል፤ አፍንጫ ውስጥ ከገባ በድንገት ያለማቋረጥ ያስነጥሳል። ሁለቱም የሐኪም ሥራ ናቸው። ዘይት አታፍስሱ፣ ክብሪትም አታስገቡ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።

መዥገር ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙት፣ ሳትጠመዝዙ በቀስታ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በላምባ መቀባት፣ በቅባት ማፈን፣ በሲጋራ መለኮስ የተለመደ ነው፤ ሁሉም ስሕተት ነው። መዥገሩ ሲጨነቅ በውስጡ ያለውን በሽታ ወደ ውሻው ደም ሊተፋ ይችላል። ያወጣችሁትን በጣት አታፍርጡት፣ አልኮል ውስጥ ጨምሩት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ውሻው ምግብ ከተወ፣ ከሰነፈ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ከደማ፣ ለሐኪሙ መዥገር እንደነበረበት ንገሩት።

የእግሩ መርገጫ ከተሰነጠቀ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ጎዝ አድርጉበት፣ በፋሻ ሳታጠብቁ አስሩት፣ ካልሲ አልብሱት። ከሳምንት በፊት ኮረት አይርገጥ። በማግስቱ አንዱን እግር ብቻ ደጋግሞ ቢልስ፣ ምንም ባይታያችሁም ጣቶቹን በሁለት ጣት ከፍታችሁ እንደገና እዩ። ያበጠ ጉብታ ወይም ትንሽ የሚያዥ ቀዳዳ ካለ ስናር ገብቷል ማለት ነው፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ እየቆየ በሄደ ቁጥር ፍሬውን ፈልጎ ማግኘቱ ይከብዳል።